ቫሌ፦ ደረቁ የአልፕስ ሸለቆ

ቫሌ በደቡብ ምዕራብ ስዊዘርላንድ ያለ ካንቶን (ክልል) ነው። ዋና ከተማው ሲዮን ይባላል። መሃሉን የሮን ወንዝ ሰንጥቆት ወደ ጄኔቫ ሐይቅ ይወርዳል። ላይኛው ሸለቆ ጀርመንኛ፣ ታችኛው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነው።

አልፕስ ስለሆነ ዝናብ የሚጠግብ ይመስላል። ሸለቆው ግን ደረቅ ነው። ግራና ቀኝ የቆሙት ከ4000 ሜትር በላይ የሚዘልቁ ተራሮች ደመናውን ያስቀሩበታል። ስለዚህ ገበሬው ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ከበረዶ ግግር የሚቀልጠውን ውሃ በቦይ ይጠልፋል። ቦዩን ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ “ቢስ” ይሉታል። ገደል ሲያጋጥም የእንጨት አሸንዳ ቋጥኙ ላይ አንጠልጥለው ውሃውን ያሻግሩታል። በአንዳንዶቹ ላይ ውሃው ትንሽ መንኮራኩር ያዞራል፤ መንኮራኩሩ መዶሻ እያነሳ ሳንቃ ይመታል። ኳ ኳ እስካለ ድረስ ጠባቂው ጎኑን ያሳርፋል። ድምፁ ከጠፋ ውሃው ተቋርጧል ማለት ነው፤ እኩለ ሌሊትም ቢሆን መውጣት ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1442 የተሠራው የአያን ቢስ ዛሬ የስዊዘርላንድ 100 ፍራንክ ላይ ታትሟል። ሲያንሰው ነው!

ይህ ውሃ ባይኖር ወይኑም አይኖርም ነበር። ከአገሪቱ የወይን ማሳ ሲሶ ያህሉ እዚህ ነው፤ ያለ ጭቃ በተካቡ የድንጋይ እርከኖች ላይ ይለማል። በቪስፐርተርሚነን መንደር ማሳው እስከ 1150 ሜትር ገደማ ይወጣል። በአውሮፓ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። የመንደሩ ነጭ ወይን ሃይዳ ይባላል። ፎንዶን የተባለው ነጭ ደግሞ ቀልጦ ድንች ላይ ከሚፈሰው የራክሌት አይብ ጋር ይጠጣል። የስዊዝ ወይን ወደ ውጭ ብዙም አይወጣም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ይጨርሱታል።

ቱሪስቱ በብዛት የሚጎርፈው ወደ ዜርማት ነው። መኪናውን ቴሽ የምትባል መንደር አቁሞ በባቡር ይገባል፤ ከተማዋ ውስጥ የሚሽከረከሩት ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። ከላይ 4478 ሜትር የሚረዝመው የማተርሆርን ተራራ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1865 ጫፉን መጀመሪያ ከረገጡት ሰባት ሰዎች አራቱ ሲወርዱ ገመድ ተበጥሶ ሞተዋል። ለበረዶ ሸርተቴ ቬርቢዬ፣ ለፍል ውሃ ሎይከርባድ አለ። ከአልፕስ ሁሉ ትልቁ የአሌች የበረዶ ግግርም እዚሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፣ ከዓመት ዓመት ግን እያጠረ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሸርተቴው ይልቅ በመስከረምና በጥቅምት፣ ወይን ሲለቀም፣ የቢሶቹን ዳር ይዞ በእግር መሄድ ይሻላል። አንዳንዱ መንገድ በገደል አፋፍ የተዘረጋ ሳንቃ ነው፤ ከፍታ የሚያዞረው ሰው ይቅርበት።