መብራት ከባህር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ ባህር ላይ ያርፋል። «የባህር በር ቢኖረን ኖሮ ማዕበሉ ብቻ ይበቃን ነበር» የሚል አይጠፋም። የባህር በር ነገር የራሱ ክብደት ያለው ጥያቄ ነው። የመብራቱን ጉዳይ ግን ለብቻው ነጥለን እንየው፤ ብዙ የተምታታ ነገር አለበት።

«ባህር ካለ መብራት አለ»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ከባህር ኤሌክትሪክ የሚገኘው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ነፋስ የውሃውን ገጽ እየገፋ የሚፈጥረው ማዕበል ነው። ሌላው የባህሩ ሙላትና ጉድለት ነው፤ በጨረቃና በፀሐይ ስበት የተነሳ ውሃው በየቀኑ ከፍና ዝቅ ይላል። ሁለቱም ቦታ ይመርጣሉ። ካናዳ ውስጥ ፈንዲ በሚባለው ባህረ ሰላጤ የሙላቱና የጉድለቱ ልዩነት እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። ቀይ ባህር ግን በደቡብ በኩል በባብ ኤል መንደብ ጠባብ በር ከውቅያኖስ ጋር የሚገናኝ ቀጭን ባህር ነው። ልዩነቱ በአብዛኛው ቦታ ከ1 ሜትር አይበልጥም። ማዕበሉም ቢሆን ነፋስ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን እየነዳ እንደሚያመጣው የአትላንቲክ ማዕበል ጉልበት የለውም። ስለዚህ የቀይ ባህር ዳርቻ ያላቸው አገሮችም ከዚህ ምንጭ ብዙ መጠበቅ አይችሉም።

«ገና ሙከራ ላይ ያለ ነገር ነው»

ግማሹ እውነት ነው። ማዕበሉና ያለ ግድብ ባህር ወለል ላይ የሚተከለው ተርባይን ገና ለጋ ናቸው። ሙላቱን በግድብ ይዞ መብራት ማመንጨት ግን የቆየ ሥራ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ላ ራንስ ላይ ያለው ባለ 240 ሜጋ ዋት ጣቢያ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲህዋ ላይ ባለ 254 ሜጋ ዋቱን ከፈተች።

«ነዳጅ ስለማይፈልግ ርካሽ ነው»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ ትንሽ ተርባይን ብዙ ኃይል ያገኛል፤ ግን ክንፉን የሚመታውም ያው ክብደት ነው። ጨው ብረት ይበላል። የባህር ዛጎል እየተለጠፈ ያከብደዋል። እኛ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ሞተር ቢበላሽ ቴክኒሻኑ መፍቻውን ይዞ ይመጣል። እዚያ ግን መጀመሪያ መርከብ መከራየት፣ ከዚያ ባህሩ ጋብ እስኪል መጠበቅ አለ። ወጪው የሚንረው እዚህ ላይ ነው።

ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ2008 አጉሳዱራ ላይ ፔላሚስ የተባሉ ሦስት ተንሳፋፊ ማሽኖች አሰማርታ ነበር። በቴክኒክና በገንዘብ ችግር በወራት ውስጥ ከባህር ወጡ። በአንጻሩ ሰሜን ስኮትላንድ፣ ሜይጀን በሚባለው ጣቢያ፣ ባህር ወለል ላይ ከተተከሉት አራት ተርባይኖች አንዱ ላልታሰበ ጥገና ሳይወጣ ከ6 ዓመት በላይ ሠርቷል። ለዘርፉ ትልቅ እመርታ ነው።

እኔ በጣም የምወደው ግን የስፔኑን ሙትሪኩን ነው። ወደቡን ከማዕበል የሚከላከል ግንብ ለማንኛውም መሠራቱ አልቀረም፤ ውስጡ ባዶ ክፍሎች ተውለት። ማዕበሉ ሲገባ አየሩን ይገፋዋል፣ አየሩ ተርባይን ያዞራል። 16 ትንንሽ ተርባይኖች፣ በድምሩ 296 ኪሎ ዋት ብቻ። ግን ተርባይኑ ውሃ ውስጥ ስላልሆነ ጠጋኙ በእግሩ ገብቶ ይሠራል።

«ሌት ተቀን አይቆምም»

ይቆማል። ሙላቱ ወደ ጉድለት ሲዞር ውሃው ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ይላል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይገፋል። ደግነቱ ከዓመታት በፊት አስልቶ ማወቅ ይቻላል። ጣርማ በር ላይ ነገ ነፋሱ ስንት ሰዓት እንደሚበረታ ግን እንዲህ በእርግጠኝነት የሚነግረን የለም።

«አካባቢን አይጎዳም»

ላ ራንስ ሲሠራ የወንዙ አፍ ለዓመታት ከባህሩ ተዘግቶ ነበር፤ በውስጡ የነበረው ሕይወት ክፉኛ ተጎድቷል። ካናዳ አናፖሊስ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ይሠራ የነበረው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2019 ቆመ፤ በዓሣ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

«የእኛ አገር ውሃ ከዚያ ያንሳል»

አያንስም። በረሳ ወንዝ ወደ ጀማ፣ ጀማ ወደ ዓባይ ይገባል። ደብረ ብርሃን ላይ የዘነበው ዝናብ ሕዳሴ ግድብ ደርሶ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ያላቸውን ተርባይኖች ከሚያዞረው ውሃ ጋር ይቀላቀላል። የግድብ ውሃ ደግሞ ይጠራቀማል፤ ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ መልቀቅ ይቻላል። ባህሩን ግን «እስከ ማታ ቆይ» ማለት አይቻልም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ከመንዝና ከሞረት ማሳ የሚታጠበው አፈር አብሮ ይወርዳል። ደለል የግድብን ዕድሜ ያሳጥራል። በየተዳፋቱ የሚሠራው እርከን ለእርሻው ብቻ ሳይሆን ለመብራቱም ነው፤ ከተማ ያለነውም በዓይናችን ልናየው፣ በጉልበትም በገንዘብም ልናግዘው ይገባል።