የሽንት ፊኛ መጣፊያዎች በእንስሳት ላይ የሚፈተኑበት መንገድ

የጠበበ ወይም የተጎዳ የሽንት ፊኛን ለማስፋት የተለመደው ቀዶ ሕክምና ከታማሚው አንጀት ቆርጦ ፊኛው ላይ መስፋት ነው። አንጀት ግን ሥራው መምጠጥ ስለሆነ የሽንቱን አሲድ ወደ ደም ይመልሳል፤ ንፍጥ ያመነጫል፤ ጠጠርም ያስከትላል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተሞከሩት የፕላስቲክ፣ የቴፍሎንና የሲሊኮን መጣፊያዎች በጠጠር፣ በኢንፌክሽንና ከስፌታቸው በመላቀቅ ከሸፉ። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ሥራው ያተኮረው ቀስ በቀስ ሟሙተው ለሰውነቱ ሥጋ ቦታ በሚለቁት ላይ ነው፤ ከአሳማ ትንሹ አንጀት ተፍቆ የሚወጣው ኤስአይኤስ የተባለ ስስ ድር፣ ኅዋሳቱ ታጥበው የወጡለት ፊኛ፣ የሐር ፕሮቲን።

እንስሳ ከመነካቱ በፊት መጣፊያው በአይኤስኦ 10993፣ ማለትም የሕክምና ቁሶች ለሰውነት ጎጂ አለመሆናቸው በሚፈተሽበት ዓለም አቀፍ መመዘኛ፣ ይመዘናል። የተዘፈዘፈበት ፈሳሽ በኅዋሳት ላይ ሲጨመር ከ30 በመቶ በላይ ከገደለ መርዛማ ይባላል። ከእንስሳ የተወሰደ ከሆነ በአንድ ሚሊግራም ደረቅ ክብደት የሚቀረው ዲኤንኤ ከ50 ናኖግራም እንዳይበልጥ በሰፊው ይመከራል። ማጠቢያው ዲተርጀንት በደንብ ካልተለቀለቀም ቅሪቱ ራሱ ኅዋሳትን ይገድላል።

በአይጥ ላይ የፊኛው አናት ይቆረጥና መጣፊያው 7-0 በሚባል በጣም ቀጭን፣ በሚሟሟ ክር ይሰፋል። ጠርዙ በኋላ እንዲታወቅ ማዕዘኖቹ በማይሟሟ ክር ምልክት ይደረግባቸዋል። ይህ ክር ወደ ውስጥ ዘልቆ ሽንት ከነካው ጠጠር ይይዛል። ከዚያ ፊኛው በጨው ውኃ ተሞልቶ ማፍሰስ አለማፍሰሱ ይታያል። ትልቁ ችግር የደም ሥር አለመኖር ነው፤ ኦክስጅን ዘልቆ የሚደርሰው ጥቂት መቶ ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ የመጣፊያው መሐል ይሞታል፣ ይጠባሰሳል፣ ይኮማተራል። በትልልቅ እንስሳት ላይ መጣፊያውን በሆድ ዕቃ ሞራ መሸፈን የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ናሙና ሲወሰድም ከመሐሉ መወሰድ አለበት፤ ጠርዙ ሁልጊዜ አሳምሮ ያሳያል።

የፊኛው ግፊት ሲለካ የማደንዘዣው ምርጫ ወሳኝ ነው። አይሶፍሉሬን የመሽናት ምላሽን ያዳክማል፤ ዩሬቴን ምላሹን ይጠብቃል፣ ነገር ግን ካንሰር አምጪ ስለሆነ እንስሳው ከምርመራው በኋላ እንዲነቃ አይደረግም። የመሙያው ፍጥነት ካልተመሳሰለም ውጤቶቹ አይወዳደሩም፤ በፍጥነት የተሞላ ፊኛ ያለ በሽታው ግትር ይመስላል።

በዘርፉ እጅግ የሚጠቀሰው በ1999 እ.ኤ.አ. በቦስተን የእነ አንቶኒ አታላ ቡድን ያወጣው ሥራ ነው። በ14 ቢግል ውሾች ላይ የሽንት ቱቦዎች የሚገቡበት ክፍል ብቻ ቀርቶ ፊኛው ተቆረጠ። ሁለቱ እንዲሁ ተሰፉ፤ ለስድስቱ በፊኛ ቅርጽ የተሠራ ፖሊግላይኮሊክ አሲድ የተባለ በሰውነት ውስጥ የሚሟሟ ሰው ሠራሽ ቁስ ብቻውን ተተከለላቸው፤ ለቀሩት ስድስቱ ደግሞ በዚሁ ቁስ ላይ ከራሳቸው ፊኛ ተወስደው የተባዙ ኅዋሳት፣ የውስጥ ሽፋኑ በውስጥ፣ ጡንቻው በውጭ ተዘርተው ተተከሉ። የመያዝ አቅማቸው ከቀድሞው አንጻር በአማካይ 22፣ 46 እና 95 በመቶ ሆነ። የዚህ ሥራ ታላቅነት ከ95ቱ ይልቅ በ46ቱ ላይ ነው፤ ኅዋስ ያልተዘራበት ቡድን ባይኖር ኖሮ የኅዋሱ ድርሻ ከቁሱ አይለይም ነበር። የተዘሩት ኅዋሳት ራሳቸው ጡንቻ ሆኑ ወይስ የአካባቢውን ኅዋስ ጠሩ የሚለው ግን ያከራክራል።

የአይጥ ፊኛ አብዛኛው ተቆርጦም በራሱ መልሶ ያድጋል። ስለዚህ ያለ መጣፊያ የተሰፋ ቡድን የሌለው የአይጥ ጥናት ስለ ቁሱ ብዙ አይናገርም። በውሾችም ቢሆን ፊኛው 90 በመቶ ያህል ተቆርጦ ኤስአይኤስ ሲተከል፣ ኅዋስ ተዘርቶበትም ተኮማትሯል።

በሰው ላይ ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. የራሳቸው ኅዋሳት የተዘሩበት መጣፊያ ከተተከለላቸው ሰባት ታማሚዎች ተስፋ ሰጪ ውጤት ተዘገበ። በ2014 የታተመው፣ ስፓይና ባይፊዳ (አከርካሪው በፅንስነት በደንብ ሳይዘጋ የሚቀርበት የተፈጥሮ ጉድለት) ባለባቸው 10 ልጆች ላይ የተደረገ ሙከራ ግን የሚጠበቀውን መሻሻል አላሳየም። ውሾቹ ጤነኛ ፊኛ ነበራቸው፤ የልጆቹ ፊኛ ግን ነርቩ የተጎዳና የተጠባሰሰ ነበር። አዲስ መጣፊያ የሚፈትን ቡድን አስቀድሞ የእንስሳውን የአከርካሪ ነርቭ ጎድቶ፣ ፊኛው እስኪታመም ጠብቆ መትከል ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።