ስለ ካናዳ የ10 ዶላር ዴይኬር ብዙ ሰው የተሳሳተባቸው ነገሮች

ስለ 10 ዶላር ዴይኬር (የህጻናት መዋያ) ሲወራ ከምሰማው ብዙው ትክክል አይደለም፣ በዛ የተነሳ ደግሞ የሚገባቸውን ሳያገኙ የሚቀሩ ቤተሰቦች አሉ፣ የሚያሳዝነኝ ያ ነው። ነገሩ ባጭሩ የፌደራል መንግስት በ2021 ባጀት ለ5 አመት ወደ 30 ቢሊዮን ዶላር መደበና ከክፍለ ሀገራቱ ጋር ተፈራረመ (ኦንታሪዮ መጨረሻ ላይ፣ ማርች 2022)፣ ሀሳቡም ከ6 አመት በታች ላሉ ልጆች ክፍያውን በአማካይ በቀን 10 ዶላር ማድረስና 250,000 አዲስ ቦታ መክፈት ነው።

"ለሎው ኢንካም ብቻ ነው"

አይደለም። ላይሰንስ ያለውና ፕሮግራሙ ውስጥ የገባ ዴይኬር ከሆነ ለሁሉም ነው የሚቀንሰው፣ ገቢያችሁን ማንም አይጠይቃችሁም። ገቢ የሚታየው ሳብሲዲ ለሚባለው ድጎማ ነው፣ እሱ ለብቻው ነው፣ ኦንታሪዮ ውስጥ በምትኖሩበት ሲቲ ወይ ሪጅን በኩል ትጠይቃላችሁ፣ ካገኛችሁ ከተቀነሰው ክፍያም በታች ልትከፍሉ ትችላላችሁ።

"የትም ብትሄድ 10 ዶላር ነው"

በአማካይ ነው የተባለው። ኦንታሪዮ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ጣሪያው በቀን 22 ዶላር ነው፣ አልበርታ ከኤፕሪል 2025 ወዲህ ሙሉ ቀን ለሚውል ልጅ በወር 326.25 ዶላር፣ ማኒቶባ ግን በ2023 ነው 10 ዶላር የገባችው። ኩቤክ የራሷ ሲስተም አላት፣ በ1997 በ5 ዶላር ጀምራ።

"ብሩ ከተመደበ ቦታው የት ሄደ?"

ሰው በጣም የሚናደደው እዚህ ላይ ነው፣ እኔም አልፈርድበትም። ግን ክፍያ በውሳኔ ይወርዳል፣ ቦታ በውሳኔ አይከፈትም፣ ቤት መገኘት አለበት፣ ላይሰንስ መውጣት አለበት፣ ከሁሉም በላይ አስተማሪ መቀጠር አለበት። የኦንታሪዮ ህግ ከ18 ወር በታች ለሆኑ 10 ህጻናት 3 ሰራተኛ ይፈልጋል፣ ከ18 እስከ 30 ወር ላሉት ለ5 ልጅ አንድ፣ ፕሪስኩል ላይ ለ8 ልጅ አንድ። ስለዚህ አንዲት ሰራተኛ ለቃ ምትክ ካልተገኘ ክፍሉ ባዶ ሆኖ እያለ እንኳን ልጅ መቀበል አይችሉም፣ ለጨቅላ ህጻን ቦታ ማግኘት መከራ የሆነውም ለዚህ ነው። ክፍያው ሲወርድ ደግሞ ድሮ ስለማይችሉ ጭራሽ የማይጠይቁ ወላጆች ሁሉ መመዝገብ ጀመሩ፣ ወረፋው ረዘመ። ኦንታሪዮ ፕሮግራሙ ውስጥ ላሉ ኢሲኢዎች (ዲፕሎማ ላላቸው የህጻናት አስተማሪዎች) ዝቅተኛውን ክፍያ ከ2023ቱ 19 ዶላር በ2024 ወደ 23.86 በሰአት አሳድጓል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት አመት ተምራ ዲፕሎማ ይዛ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ለምትይዝ ሴት ይሄ በቂ ነው ብዬ አላምንም፣ ደሞዙ ሳይስተካከል ህንጻ ብቻ ቢገነባ ወረፋው አይቀንስም።

"ቻይልድ ቤኔፊት ይቆረጥብኛል"

መንግስት በየወሩ ለልጅ ማሳደጊያ የሚሰጠው ይሄ ብር ልጁ ዴይኬር ስለገባ አይቆረጥም፣ የሚሰላው በቤተሰብ ኔት ኢንካም (ተቀናሾች ከወጡ በኋላ በሚቀረው ገቢ) ነው። ግራ የሚያጋባው ምን መሰላችሁ፣ የዴይኬር ወጪ ታክስ ላይ ከገቢ ይቀነሳል፣ ድሮ ብዙ ስለምትከፍሉ ብዙ ይቀነስላችሁ ነበር፣ አሁን ትንሽ ስትከፍሉ ተቀናሹ ያንስና ኔት ኢንካማችሁ ከፍ ይላል፣ ቤኔፊቱም ትንሽ ሊወርድ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከክፍያው የተረፋችሁ ይበልጣል። ደረሰኝ አትጣሉ።

"ቤታቸው ልጅ የሚይዙ እናቶችን አይመለከትም"

ይሄንን ብዙ እህቶቻችን ቢያውቁት ደስ ይለኛል። ኦንታሪዮ ውስጥ ያለ ላይሰንስ እስከ 5 ልጅ ቤት መያዝ ይፈቀዳል (ከ2 አመት በታች ከ3 ሳይበልጡ)፣ ግን ወላጆቹ ቅናሹን አያገኙም። ላይሰንስ ባለው የሆም ቻይልድ ኬር ኤጀንሲ ስር ከገባችሁ እስከ 6 ልጅ መያዝ ትችላላችሁ፣ ኤጀንሲው ፕሮግራሙ ውስጥ ካለ ደግሞ ወላጆች ቅናሹን ያገኛሉ። ቁጥጥር አለው፣ እየመጡ ቤቱን ያያሉ፣ ለልጆቹም ይሄ ይሻላል።

"ዌይቲንግ ሊስት ለመግባት ይከፈላል"

ኦንታሪዮ ላይ ከ2016 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ዲፖዚትም ቢሉት ያው ነው። እርጉዝ ሳላችሁ ብዙ ቦታ ተመዝገቡ፣ ከዛ ስንተኛ ላይ እንዳላችሁ እየደወላችሁ ጠይቁ፣ የመንገር ግዴታ አለባቸው።