የውክልና ታጣቂ ምንድን ነው? ከእሱ ጋር የሚደረግ ተኩስ አቁምስ ለምን አይጸናም?

ኖቬምበር 27፣ 2024 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በእስራኤልና በሊባኖስ መካከል ተኩስ ቆመ። ገና ሳይነጋ ከቤይሩት ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ በመኪና ተጨናነቀ። ጣሪያቸው ላይ ፍራሽ የጫኑ መኪኖች ተሰልፈዋል። ሰው ቤቱ ይቁም ይፍረስ ሳያውቅ ወደ መንደሩ እየተመለሰ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስምምነቱን ያጸደቁት የእስራኤልና የሊባኖስ መንግሥታት ናቸው። ግር የሚለውም እዚህ ላይ ነው። ለ14 ወራት ገደማ ወደ እስራኤል ሲተኩስ የከረመው የሊባኖስ ጦር አይደለም፤ ሄዝቦላህ የሚባለው የአገሪቱ የሺዓ ታጣቂ ድርጅት ነው። ሄዝቦላህ ደግሞ ከተስማሙት ወገኖች አንዱ አይደለም። መሣሪያውን ያስታጠቀችው ኢራንም ሰነዱ ውስጥ የለችም። በሊባኖስ በኩል የተዋጋው አልተስማማም፣ የተስማማው አልተዋጋም።

የውክልና ታጣቂ የሚባለው እንዲህ ያለውን ኃይል ነው። ከሌላ አገር ገንዘብ፣ መሣሪያና ሥልጠና እየተቀበለ በራሱ ሰዎች፣ አብዛኛውን ጊዜም በራሱ ምድር ይዋጋል። ጦርነቱ ቢያንስ በከፊል የሰጪው አገር ጦርነት ነው። መቃብሩ ግን የሚቆፈረው በተቀባዩ መንደር ነው።

ሰጪው ምን ያተርፋል? ጦርነቱን ከራሱ ደጅ ያርቃል። ኢራን ከኢራቅ ጋር ከ1980 እስከ 1988 ስትዋጋ ከተሞቿ በሚሳይል ተደብድበዋል፤ ቁጥር ስፍር የሌለው ወጣቷም አልቋል። ከዚያ በኋላ ጠላትን ሩቅ ቦታ ላይ በሌላ ሰው ትከሻ መግጠም ለቴህራን የመከላከያ ስልት ሆነ። ወጪውም ከመደበኛ ጦርነት ያንሳል። ሲያስፈልግም «እኔ የለሁበትም» ማለት ይቻላል። ይህን ዘዴ የምትጠቀመው ኢራን ብቻ እንዳትመስላችሁ። አሜሪካ በ1980ዎቹ የአፍጋኒስታን ሙጃሂዲኖችን በሶቪየት ጦር ላይ አስታጥቃለች። እስራኤልም ራሷ እዚያው ደቡብ ሊባኖስ ውስጥ «የደቡብ ሊባኖስ ጦር» የሚባል ታጣቂ ነበራት። ሜይ 2000 ላይ እስራኤል ከአካባቢው ስትወጣ ያ ጦር በቀናት ውስጥ ተበተነ። ብዙዎቹ አባላቱ ቤተሰባቸውን ይዘው ድንበር ተሻግረው ወደ እስራኤል ሸሹ። አስታጣቂው ሲሄድ የታጣቂው ዕድሜ ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

ሄዝቦላህ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚበተን አይደለም። እስራኤል በ1982 ሊባኖስን ስትወር የኢራን አብዮታዊ ዘብ ሰዎች ምሥራቅ ሊባኖስ ወዳለው ቤካ ሸለቆ ገብተው የሺዓ ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመሩ። ድርጅቱ በ1985 ለኢራኑ መሪ ለአያቶላህ ኾሜኒ ታማኝ መሆኑን በይፋ አሳወቀ። የሊባኖስን የእርስ በርስ ጦርነት ለማብቃት በ1989 በሳዑዲ ዓረቢያዋ ከተማ ጣኢፍ ላይ ስምምነት ሲደረግ ሌሎቹ ሚሊሻዎች መሣሪያቸውን አስረከቡ። ሄዝቦላህ ግን «ወራሪን እየተዋጋሁ ነው» ብሎ ይዞ ቀረ። ወራሪው በ2000 ወጣ፤ መሣሪያው ግን እዚያው ነው።

በ2016 የዚያን ጊዜው መሪ ሐሰን ናስራላህ በአደባባይ ንግግራቸው በጀታችን፣ ደመወዛችንም ሆነ መሣሪያችን ከኢራን ነው የሚመጣው አሉ። እንዲህ አፍ አውጥቶ የሚናገር የውክልና ታጣቂ ብዙ አይገኝም። ሌላው ቢሆን ክዶ ይምል ነበር።

ይሁንና ቅጥረኛ ብሎ መገላገል አይቻልም። ሄዝቦላህ ከ1992 ጀምሮ ፓርላማ ውስጥ ወንበር አለው። ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ያስተዳድራል፤ የሞቱበትን ተዋጊዎች ቤተሰብ ይጦራል። ደቡብ ሊባኖስ ላለች አንዲት የሺዓ እናት ሄዝቦላህ ማለት ቴህራን አይደለም፤ የልጇ ትምህርት ቤትና የሟች ባሏ ጡረታ ነው። ድርጅቱም የራሱን ሒሳብ ይሠራል። ጁን 2025 ላይ እስራኤልና ኢራን ለ12 ቀናት በቀጥታ ሲዋጉ ሄዝቦላህ አልገባበትም። መሪዎቹ አልቀዋል፣ ሕዝቡ ቤቱ ፈርሶበታል፤ ያኔ ሌላ ጦርነት መክፈት ለደጋፊዎቹ የሚነገር ነገር አልነበረም። ቴህራን ላይ ቁልፍ ሲጫኑ ቤይሩት ላይ ይተኮሳል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

እንግዲህ ከእንዲህ ዓይነቱ ኃይል ጋር እንዴት ይደራደሩታል? አሜሪካ ሄዝቦላህን ከ1997 ጀምሮ በአሸባሪነት ስለፈረጀችው መልእክተኛዋ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ አያወራውም። በ2024 የአሜሪካው አደራዳሪ አሞስ ሆክስታይን ቤይሩት ሲገቡ ዋናው ንግግራቸው ከአፈ ጉባኤው ከነቢህ ቤሪ ጋር ነበር። ቤሪ ከ1992 ጀምሮ ከዚያ ወንበር ያልተነሱ፣ አማል የሚባለው የሌላው የሺዓ ንቅናቄ መሪና የሄዝቦላህ አጋር ናቸው። ቃሉ ከዋሽንግተን ወደ ቤሪ፣ ከቤሪ ወደ ሄዝቦላህ ይሄዳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ እያንዳንዱ ሰው ቃሉን ትንሽ ያለዝበዋል፤ ባያለዝበው ስምምነት የለማ! መጨረሻ ላይ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለቱ ወገኖች ለየራሳቸው ተርጉመው «አሸነፍን» ይላሉ።

የሊባኖስ መንግሥት እዚህ ውስጥ የገባው የማያዘው ሰው ዋስ ሆኖ ነው። ተበዳሪው ሲጠፋ የሚያዘው ዋሱ ነው፤ ተበዳሪውን አስገድዶ ማስከፈል ግን አይችልም። ሠራዊቱን ተመልከቱ። በ2019 የጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ የአገሪቱን ገንዘብ ዋጋ ከ90 በመቶ በላይ አሟሟው። በ2020 ጦሩ ሥጋ ስለተወደደበት ከወታደሮቹ ምግብ ላይ ሥጋን ጭራሽ አስወጣው። በኋላም ኳታርና አሜሪካ የወታደሮቹን ደመወዝ እስከመደጎም ደረሱ። ሥጋ መግዛት ያቃተው ጦር ነው እንግዲህ በክልሉ ካሉት ሚሊሻዎች ሁሉ በመሣሪያ የፈረጠመውን ሂድና ትጥቅ አስፈታ የተባለው።

ትእዛዙ አዲስ አይደለም። በ2006 እስራኤልና ሄዝቦላህ 34 ቀን ከተዋጉ በኋላ የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 1701ን አጸደቀ። ከሰማያዊው መስመር፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሁለቱ አገሮች መካከል ካሰመረው መለያ፣ እስከ ሊታኒ ወንዝ ድረስ ከሊባኖስ ጦርና ዩኒፊል ከሚባሉት የድርጅቱ ሰላም አስከባሪዎች በቀር ማንም ታጣቂ አይኑር ይላል። ወረቀቱ ግልጽ ነው። መሬት ላይ ግን ሄዝቦላህ አልወጣም፤ በ2018 መጨረሻ እስራኤል ከሊባኖስ ተነስተው ወደ ግዛቷ የሚገቡ የዋሻ መንገዶችን አገኘች። እስራኤልም በበኩሏ የሊባኖስን የአየር ክልል መጣስ አላቆመችም፤ አውሮፕላኖቿ የዘወትር እንግዶች ነበሩ። ሰላም አስከባሪው ያያል፣ ይመዘግባል፣ ለኒውዮርክ ይጽፋል። ሰው ግቢ ገብቶ መፈተሽ ግን በራሱ አይችልም።

የሁለቱ አገሮች መኮንኖች በዩኒፊል አማካይነት ድንበሩ ላይ ባለችው የሊባኖስ ከተማ ናኩራ አጠገብ ይገናኙ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፣ ቃል ግን አይለዋወጡም። አንዱ ለዩኒፊሉ አዛዥ ይናገራል፤ ሌላው መልሱን ለዚያው አዛዥ ይሰጣል። ያስቃል አይደል? ነገር ግን ስንቱ የድንበር ጠብ እዚያች ክፍል ውስጥ በርዷል። ከ2006 እስከ 2023 ሌላ ሙሉ ጦርነት ያልተነሳውም ሁለቱም ስለፈሩና እንዲህ ያለ መነጋገሪያ ስለነበራቸው ይመስለኛል። ወረቀቱ ስለተከበረ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ።

ኦክቶበር 8፣ 2023 ሄዝቦላህ «ለጋዛ አጋርነት» ብሎ መተኮስ ጀመረ። ከሰሜን እስራኤል 60,000 ያህል ሰው ተፈናቀለ። ሴፕቴምበር 2024 ላይ የሄዝቦላህ አባላት ኪስ ውስጥ የነበሩ ፔጀሮች ፈነዱ፤ በማግስቱ የእጅ ሬዲዮኖቻቸው። በዚያው ወር ናስራላህ ዳሂዬ በሚባለው የቤይሩት ደቡባዊ ሰፈር በአየር ድብደባ ተገደሉ። በሊባኖስ በኩል የሞቱት ከ3,700 በላይ ናቸው፤ ከሚሊዮን በላይ ደግሞ ተፈናቀሉ።

ከተፈናቀሉት ውስጥ የእኛ ሰዎችም አሉ። በሊባኖስ ካሉ የቤት ሠራተኞች መካከል ኢትዮጵያውያን ከሚበዙት ናቸው። ድብደባው ሲበረታ አንዳንድ ማዳሞች ሠራተኛዋን ቤት ቆልፈውባት ሄዱ። አንዳንዶቹ መንገድ ላይ አውርደዋት ጉዟቸውን ቀጠሉ። ፓስፖርቷ እነሱ ጋ ነው። ለተፈናቃይ የተከፈቱ ብዙ መጠለያዎች የውጭ ሠራተኛ አንቀበልም አሉ፤ ቤይሩት ውስጥ ውጭ ያደሩት ብዙ ናቸው። ስለ ተኩስ አቁም በተጻፈው ሰነድ ውስጥ ስለነሱ አንድ መስመር የለም።

ሰነዱ የሚለው እንዲህ ነው። እስራኤል በ60 ቀን ውስጥ ትወጣለች፣ ሄዝቦላህ ከሊታኒ በስተሰሜን ይሆናል፣ የሊባኖስ ጦር ደቡቡን ይረከባል። ይህን የሚከታተል በአሜሪካ የሚመራ ኮሚቴ አለ፤ ፈረንሳይ፣ ዩኒፊል፣ ሊባኖስና እስራኤል አብረው ይቀመጡበታል። አንድ አንቀጽ ደግሞ ሁለቱም አገሮች ራሳቸውን የመከላከል መብታቸው እንደተጠበቀ ነው ይላል።

ያቺ አንቀጽ ሁሉንም ዋጠችው። እስራኤል የሄዝቦላህ መጋዘን ወይም አዛዥ አየሁ ባለች ቁጥር ትመታ ነበር። ስትጠየቅ ስምምነቱን እየጣስኩ ሳይሆን እያስከበርኩ ነው ትል ነበር። የ60 ቀኑ ቀጠሮ ጃንዋሪ 26፣ 2025 ሲደርስ ጦሯ አልወጣም ነበር። ወደ መንደራችን እንገባለን ያሉ ሰዎች ላይ ተኩስ ተከፍቶ በዚያን ዕለት ብቻ ከ20 በላይ ሞቱ። ቀኑ ወደ ፌብሯሪ 18 ተገፋ። ያም ሲደርስ እስራኤል አምስት ኮረብታዎችን ይዛ ቀረች።

ኦገስት 2025 ላይ የሊባኖስ ካቢኔ መሣሪያ በመንግሥት እጅ ብቻ ይሁን ብሎ ወሰነ፤ ለጦሩም ዕቅድ አውጣ አለው። የሺዓ ሚኒስትሮች ስብሰባውን ረግጠው ወጡ። የናስራላህ ተተኪ ናኢም ቃሲም እስራኤል ሳትወጣና ድብደባዋን ሳታቆም መሣሪያ የለም አሉ። እስራኤል ደግሞ መሣሪያው ሳይፈታ አልወጣም አለች። አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም ሆነ። ተኩስ አቁሙ ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ሲቀረው እስራኤል ዳሂዬ ላይ የሄዝቦላህን ከፍተኛ የጦር አዛዥ ገደለች።

ሌላ ዓይነት መንገድም ተሞክሯል፤ ወካዩንም ዋሱንም ትቶ ከታጣቂው ጋር መዋዋል። ሜይ 2025 ላይ አሜሪካ በኦማን አደራዳሪነት ኢራን ከምትደግፋቸው የየመን ታጣቂዎች፣ ከሁቲዎች ጋር ተስማማች። እናንተ መርከቦቻችንን አትንኩ፣ እኛም አንደበድባችሁም ዓይነት ነው። ውሉ እስራኤልን አይጨምርም። ሁቲዎቹ ወደ እስራኤል መተኮሳቸውን ቀጠሉ። ጁላይ ላይ ደግሞ ቀይ ባሕር ላይ ሁለት የንግድ መርከቦችን አሰጠሙ። በቃላቸው አልዋሹም፤ መርከቦቹ የአሜሪካ አልነበሩም። አብዛኛው ዕቃችን በጅቡቲ የሚገባልን እኛ ይህን ዜና እንደ ሩቅ አገር ወሬ መስማት አንችልም።

ወደ ሊባኖስ ስንመለስ፣ የጸጥታው ምክር ቤት ኦገስት 2025 ላይ የዩኒፊልን ዕድሜ ለመጨረሻ ጊዜ እስከ ዲሴምበር 31፣ 2026 አራዝሟል። ከዚያ በኋላ ከ1978 ጀምሮ እዚያ የነበረው ጦር በዓመት ውስጥ ጠቅልሎ ይወጣል። ከሊታኒ በስተደቡብ መሣሪያ አለ ወይስ የለም የሚለውን ከተፋላሚዎቹ ውጭ ሆኖ የሚመሰክር ማን እንደሚሆን ውሳኔው አልተናገረም። ዋና ጸሐፊው አማራጮችን አጥንተው እንዲያቀርቡ ብቻ ጠይቋል።