ካልሲየም ልብን የሚጎዳው እንዴት ነው?
አራት ኪሎ የሚኖሩ አክስቴ «ካልሲየም ልብ ይጎዳል» ሲባል ሰምተው ወተት ተዉ። በጣም አሳዘነኝ።

ችግሩ ያለው ሴሉ ውስጥ ነው። ልብ በመታ ቁጥር ካልሲየም ወደ ጡንቻው ሴል ይገባል፤ ሴሉም ይኮማተራል። ወዲያው ደግሞ ተጠርጎ መነሳት አለበት። ባረፈ ሴል ውስጥ ያለው ነፃ ካልሲየም ከውጪው 10,000 ጊዜ ያህል ያንሳል። ይህን ልዩነት የሚጠብቁት ፓምፖች ጉልበት ይፈልጋሉ። የልብ ደም ሥር ሲዘጋ ኦክስጅን ይቋረጣል፣ ጉልበት ያልቃል፣ ካልሲየም ይከማቻል። ሴሉ ተኮማትሮ መላላት ያቅተዋል። የባሰው ግን የሴሉ ኃይል ማመንጫ፣ ማይቶኮንድሪያ፣ በካልሲየም ሲጨናነቅ ነው። ሽፋኑ ይበሳል፤ ሴሉ ይሞታል። የሞተ የልብ ሴል ደግሞ እምብዛም አይተካም።

በደም ምርመራ የሚታየው የካልሲየም መጠን ግን ሌላ ልኬት ነው። እሱን በዋናነት የሚቆጣጠሩት አንገት ላይ ያሉት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ናቸው። ወተት መተው ሴሉ ውስጥ የተከማቸውን አያወጣም።