የላክቲክ አሲድ ማብላላት ምንድን ነው? (ሊጥ ማቡካት አይደለም)

«ሞላሰስ ሞልቶናል። ባክቴሪያ ጨምሮ ማቡካት ብቻ ነው፤ ባዮፕላስቲክ ይወጣል።» እንዲህ ያለ አስተያየት ሳይ ዝም ብዬ ነበር የማልፈው። ሰሞኑን ግን አንዱ «እናቶቻችን በየቤቱ የሚሠሩት እኮ ነው» ብሎ ጨመረበት። የሚያወሩት ስለ ላክቲክ አሲድ ማብላላት ነው፤ ባክቴሪያ ስኳርን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጣል፣ ከአሲዱ ደግሞ ባዮፕላስቲክ ይሠራል። ስኳሩ የሚገኘው ከሞላሰስ፣ ማለትም ከስኳር ፋብሪካ ከሚተርፈው ጥቁር ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። እሺ፣ ሊጡን እንውሰድ።

የጤፍ ሊጥ እየቦካ ሲሄድ ይኮመጥጣል። ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው ነው፤ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) ወደ 4 ገደማ ሲወርድ ባክቴሪያዎቹም ይዝላሉ። ለእንጀራ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢኮመጥጥ ማን ይበላዋል? ፋብሪካ ግን እዚያ ላይ ከቆመ ከሰረ። አሲዱ ራሱን ያመረተውን ባክቴሪያ መልሶ ያፍነዋል፤ ስኳሩ ገና ሳያልቅ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ኖራ እየተጨመረ ፒኤቹ 6 አካባቢ ይያዛል። ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ጋ ነው፤ ደህና እየሠራ ያለ ታንክ ኮምጣጣ አይደለም! ውስጡ ያለው ካልሲየም ላክቴት የሚባል ጨው ነው። ከቀዘቀዘ ደግሞ ቧንቧ ውስጥ ይረጋና ጉድ ይሠራል።

አሲዱን ከጨው ለማስለቀቅ ሰልፈሪክ አሲድ ይጨመርበታል። ያኔ ኖራው ጀሶ ይሆናል። ለ1 ቶን ላክቲክ አሲድ ወደ 1 ቶን የሚጠጋ ጀሶ ማለት ነው። «አረንጓዴ ቴክኖሎጂ» ባዩ ወንድሜ፣ ይሄን ክምር የት ልታደርሰው ነው? (አሲድ የሚችል እርሾ በዘረመል ምህንድስና ሠርተው ኖራውን የቀነሱ አሉ፤ የአሜሪካው ኩባንያ ካርጊል አንዱ ነው። እርሾው ግን ከገበያ የሚገዛ አይደለም።)

ሊጡን አልጨረስኩም። የእንጀራ ዓይን የጋዝ ሥራ ነው። ላክቲክ አሲድ ለምናመርተው ለእኛ ግን ጋዝ ማለት ያመለጠ ስኳር ነው። በደንብ የተመረጠ ባክቴሪያ አንዱን ግሉኮስ ሁለት ላክቲክ አሲድ ያደርገዋል፤ በሒሳቡ 180 ግራም ገብቶ 180 ግራም ይወጣል። አረፋ ከበዛ ሌላ ጀርም ገብቷል ብለን እንጠረጥራለን። በኖራ ፈንታ የኖራ ድንጋይ ዱቄት የሚጠቀም ሰው ግን አይደንግጥ፤ አረፋው ከዱቄቱ ነው።

ደግሞ ላክቲክ አሲድ ኤል እና ዲ የሚባሉ ሁለት መልኮች አሉት። ሊጥ ውስጥ ቢደባለቁ ማንም ግድ የለውም። ለፕላስቲክ ከተደባለቁ ግን ሙቀት የማይችል ልፍስፍስ ነገር ይወጣል።

ሞላሰሱስ? የመተሐራና የፊንጫ ስኳር ፋብሪካዎች ኢታኖል (አልኮል) ሠርተውበታል፤ ታዲያ ይሄ ለምን ያቅታል ይሉኛል። ኢታኖል ሲሞቅ ተንኖ ቆሻሻውን ጥሎ ይወጣል። ላክቲክ አሲድ እንዲህ በቀላሉ አይተንም። የሞላሰሱ ጥቁር ቀለምም ጨውም አብሮት ይቀራል፤ ወጪው የሚያሻቅበው ያንን ለማጣራት ነው። ባክቴሪያው ደግሞ ቅንጡ ነው፤ ስኳር ብቻ ሰጥተኸው አይሠራም፣ ቫይታሚንና አሚኖ አሲድ ይፈልጋል።