የኩሽና ኬሚስትሪ፦ ሙከራው ሠርቶ ማብራሪያው ሲሳሳት

ለልጆች ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሙከራዎች አብዛኛውን ጊዜ ይሳካሉ። የሚበላሸው አዋቂው ከሙከራው በኋላ የሚሰጠው ማብራሪያ ነው። ልጁ ያየውን ስለማይረሳ አብሮ የሰማውንም ስህተት ይዞ ያድጋል።

«ኬሚካል ያለው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው»

ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ ስኳር ሱክሮስ። ኮምጣጤ በውሃ የተበረዘ አሴቲክ አሲድ ነው። ውሃም ራሱ ኬሚካል ነው።

«ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ሲገናኙ ይፈላሉ»

አረፋው ሲገነፍል ያየ ልጅ «ፈላ!» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ብርጭቆውን በእጁ ያስነኩት፤ ቴርሞሜትር ካለ ደግሞ ይክተቱበት። ሙቀቱ ጥቂት ዲግሪ ወርዶ ያገኘዋል። ይህ ለውጥ ሙቀት ይስባል እንጂ አይሰጥም፤ አረፋውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

«ሶዳው በበዛ ቁጥር አረፋው ይበዛል»

እስከ ልኩ ድረስ ብቻ። 5 በመቶ አሲድ ያለበት 100 ሚሊ ሊትር ኮምጣጤ የሚበቃው ለ7 ግራም ያህል ሶዳ ነው፤ ከዚያ በላይ የተጨመረው ሥራ ፈትቶ ይቀራል። ቁጥሩን ግን ለልጁ አይንገሩት። ኮምጣጤው እኩል በተቀዳባቸው ብርጭቆዎች ላይ ግማሽ፣ 1፣ 2 እና 3 የሻይ ማንኪያ ሶዳ ያድርግና ልኩ የት ላይ እንደሆነ ራሱ ይድረስበት። በእኔ እይታ ይህ በቀለም ካሸበረቀ የእሳተ ገሞራ ትርኢት እጅግ ይበልጣል።

«ሻማው ኦክስጅኑን ስለጨረሰ ውሃው ወደ ላይ ወጣ»

ይህኛው ከሁሉም ሥር የሰደደ ነው። ውሃ ያለበት ሳህን መሐል የበራ ሻማ ይቆምና ብርጭቆ ይደፋበታል። ሻማው ይጠፋል፣ ውሃው ብርጭቆው ውስጥ ከፍ ይላል። «የአየር አንድ አምስተኛ ኦክስጅን ነው፤ ውሃውም የእሱን ቦታ ያዘ» ይባላል። ሲሰሙት ያሳምናል።

ሻማው የሚጠፋው ግን ኦክስጅኑ ተሟጦ ሳያልቅ ነው። የተቃጠለውንም ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን ይተኩታል። ልብ ብሎ ላየ፣ ውሃው በደንብ የሚወጣው ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ ነው። ምክንያቱም በሙቀት ተለጥጦ የነበረው አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ የውጭው አየር ግፊት ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። አንዳንዴ ብርጭቆው እንደተደፋ በጠርዙ ሥር አረፋ ይወጣል፤ ሞቆ ያመለጠው አየር ነው። ማጣራት ከፈለጉ በዚያው ብርጭቆ ሥር በ1 ሻማ ፋንታ 3 ያብሩ። ብርጭቆው የያዘው ኦክስጅን አልጨመረም፤ ውሃው ግን ይበልጥ ከፍ ይላል።

«ስኳሩ ውሃ ውስጥ ጠፋ»

100 ግራም ውሃ ላይ 20 ግራም ስኳር ይማሰልና ሚዛን ላይ ይቀመጥ፤ 120 ግራም ነው።

«ከኩሽና የተገኘ ነገር ልጅ አይጎዳም»

በረኪና ከኮምጣጤ ጋር ሲቀላቀል ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ። ስለዚህ በረኪና ሙከራ ወደሚሠራበት ጠረጴዛ ድርሽ አይበል። ሶዳና ኮምጣጤም ቢሆኑ ክዳኑ በጠበቀ ጠርሙስ ውስጥ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ጠርሙሱን ሊያፈነዱት ይችላሉ። በክዳኑ ፋንታ የጠርሙሱ አፍ ላይ ፊኛ ያጥልቁ፤ ልጁም ጋዙ ምን ያህል እንደሆነ በዓይኑ ያያል።